ክብሪት የሚቀማው ኡስታዝ

የድሮ ተማሪዬ ሰሚራ ከሱዳን፣ ከገዳሪፍ ስትደውል ሰላምታዋ አያልቅም። ልጆቼን፣ የልጅ ልጆቼን፣ ጉልበቴን፣ የጎረቤቴን ላም ሳይቀር ጠይቃ ነው ወደ ጉዳይዋ የምትገባው። ባለፈው ግን "እትዬ ጥሩወርቅ" ብላ ዝም አለች። እንደሷ ያለ የሰሊጥ ነጋዴ ዝም ሲል ደግ አይደለም። "ማን ነው?" አልኳት።

"ኡስታዝ ከማል። ትናንት ከዙሁር ሶላት በኋላ ቀበርነው።"

"ትናንት? ቀብራችሁ ነው የምትነግሩኝ? እናንተ ደግሞ ለቀብር ስትቸኩሉ ማን ይቀድማችኋል!" ብዬ ጮህኩባት። ሞትን መቆጣት ስለማይቻል ሰሚራን ተቆጣሁ። እሷም እያለቀሰች ሳቀች። "ይኸው እሱ እንዳለው ሆነ። 'ጥሩወርቅ ስትሰማ መጀመሪያ ትቆጣለች፣ ኋላ ታለቅሳለች' ብሎኝ ነበር" አለችኝ። ስልኩን ዘጋሁና ደጄ ላይ ቁጭ ብዬ፣ እንዳለው፣ አለቀስኩ።

እኔና ኡስታዝ ከማል የተዋወቅነው በሰባ ሰባቱ ድርቅ ጊዜ፣ ከገዳሪፍ ወጣ ብሎ በነበረ የስደተኞች መጠለያ ነው። ሕዝቡ በሐምዳይት በኩል፣ በወድ ኤል ሒለው በኩል፣ ባገኘው በር ሁሉ እየፈሰሰ የገባበት ዘመን ነበር። የዚያን ጊዜ ነገር ሁሉ አላወራም፤ ያየው ያውቀዋል፣ ያላየውም ባይሰማው ይሻለዋል። ልጅ ግን በዚያም መሐል ልጅ ነው። ትንሽ ገንፎ ሆዱ ከገባ ኳስ ይጠይቃል። ስለዚህ ትምህርት ቤት ተከፈተ። ትምህርት ቤት ስል ቆርቆሮ እንዳይመስላችሁ፤ ግድግዳው የማሽላ አገዳ፣ ጣሪያው ሳር፣ ወንበሩ መሬት ነው። እኔ አገሬም አስተማሪ ስለነበርኩ ተቀጠርኩ። ዳይሬክተሩ ኡስታዝ ከማል ነበር።

ትውልዱ ጎንደር ነው። ገና በልጅነቱ ገዳሪፍ ሱቅ ካለው አጎቱ ዘንድ መጥቶ እዚያው ስላደገ አረብኛው እንደ ውሃ ነበር። አጎቱ ሱቁን ላውርሰው ሲል እሱ ሚዛኑን ጥሎ ጠመኔ አነሳ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ጀለቢያ ለባሽ፤ ራሱ ላይ እንደ ሱዳኖቹ ረጅም ነጭ ጥምጥም ይጠመጥማል። ሱዳኖቹ ኡስታዝ ስለሚሉት እኛም ኡስታዝ አልነው። የወላጅ ኮሚቴው ሊቀ መንበር አያ መኮንን ብቻ ሲቀየሙት "ያ ነጋዴ" ይሉት ነበር። የሚቀየሙት ደግሞ በየቀኑ ነው።

እኔም ብሆን በመጀመሪያ አልወደድኩትም። ዳይሬክተር ሲባል ኮስተር ያለ ሰው ነበር የለመድኩት፤ እሱ ግን ሲስቅ ከሦስተኛው ድንኳን ይሰማል። ጨጓራም ነበረበት። ሐኪም ሻጣ አትንካ ብሎታል፤ ሻጣ የሱዳኖቹ ሚጥሚጣ ነው በሉት። እሱ ደግሞ "ፉል ያለ ሻጣ ጭቃ ነው" ባይ ነው። በልቶ ሲያበቃ እንደ ነፍሰ ጡር ወገቡን ይዞ ይንጎራደዳል። አንድ ቀን ንድድ አለኝና ሳህኑን ከፊቱ አነሳሁበት።

"ማን ሾመሽ?" አለኝ።

"ማንም አልሾመኝ። አንተ ብትሞት ደመወዜን ማን ይጠይቅልኛል?"

ከት ብሎ ሳቀና "በይ እንግዲህ አንቺ የሆዴ ዋስ ነሽ" አለኝ። በቀልድ የወጣች ቃል ናት። እሱ ግን ቃል አይጥልም፤ በማግስቱ ጠዋት "ጥሩዬ፣ አገራችን ሰው ሲከሰስ ዋስ ይጠራል አይደል?" ብሎ ጀመረኝ።

"ይጠራል።"

"ታዲያ የታመመ ልጅ ምን በደለ? ለሱስ ዋስ አይጠራለትም?"

ከዚያ ቀን ጀምሮ የሚመላለስ በሽታ ያለበት ተማሪ ሁሉ ከክፍሉ ዋስ ተጠራለት። ግርማይ የሚባል የትግራይ ልጅ አስም ነበረበት። ያ የገዳሪፍ ቀይ አቧራ ከሩቅ ሲነሳ ዋሱ ትምህርቴን አቋርጦ "ቲቸር፣ ሀቡብ መጣ!" ይላል፤ ከዚያ ጨርቅ ውሃ ነክሮ ለግርማይ አፍና አፍንጫ ይሰጣል። ልቧ ደካማ የሆነች ልጅ ነበረች፤ ዋሷ ጀሪካኗን ይሸከምላታል። ክኒን ያለበት ሁሉ ክኒኑን የሚውጠው ጠዋት ሰልፍ ላይ፣ ሰው ሁሉ እያየው ነው። እኔ ይሄ ነገር ልጆቹን አያሳፍራቸውም ወይ ብዬ ተከራክሬያለሁ። "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም" አለኝና የራሱን የጨጓራ ሽሮፕ አውጥቶ በሰልፉ ፊት ጎንጨት አደረገ። ከዚያ ከንፈሩን እየላሰ "አልሐምዱሊላህ፣ ቀጥሎ!" ይላል። ልጆቹ እየሳቁ ይውጣሉ። ዋስ ደግሞ አፍ አስከፍቶ ያያል፤ ምላስ ሥር የደበቀ ካለ ያጋልጣል።

ዋሶቹን የሚመርጣቸው ከጎበዞቹ መስሏችሁ ይሆናል። የለም! ረባሾቹን ነበር የሚመርጥ። "ጎበዝ ተማሪ ዓይኑ ደብተሩ ላይ ነው፤ ጓደኛው አጠገቡ ቢሞት አያይም" ይላል። "ረባሽ ግን ዓይኑ ሰው ላይ ነው።" የሰባት ልጅ ጩኸት የምትጮኸዋን፣ ጠመኔ የምትሰርቀዋን፣ ቅጽል ስሜን ያወጣችልኝን ሰሚራን ለብርቄ ዋስ ያደረጋትም በዚሁ ሕጉ ነው። ቅጽል ስሜን አልነግራችሁም።

ብርቄ የመጣችው ከአክስቷ ከላቀች ጋር ነው። እናቷ መንገድ ላይ ቀርታለች። አሥራ ሁለት ቢሆናት ነው፤ ዝምተኛ፣ ዓይነ ትልቅ፣ ግራ እጇ ላይ የቃጠሎ ጠባሳ ያለባት ልጅ። ጠባሳውን ማንም አልጠየቃትም፤ በዚያ ጊዜ ጠባሳ የሌለው ማን ነበር? አንድ ቀን ማባዛት እያስተማርኩ ሳለ አንዴ ጮኸችና ወደቀች። እጇና እግሯ ይንፈራገጥ ጀመር።

አቤት የዚያን ቀን ግርግር! ልጆቹ ግማሹ በበር፣ ግማሹ በአገዳው ቀዳዳ ወጣ። ውሃ ወረፋ ላይ የነበሩ እናቶች ሮጠው ገቡ፤ ሁሉም ክብሪት ይዘዋል። በኛ አገር የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ሲወድቅ ክብሪት ጭሮ ጢሱን ማሽተት ነው። ማን እንደጀመረው አይታወቅም፣ ማን እንደዳነበትም አይታወቅም። አንዷ ትጭራለች፣ አንዷ "ለሐጩን እንዳትነኪ፣ ይጋባል!" ትላለች፣ አንዷ ስመ ሥላሴን ትጠራለች። እኔም ቆሜያለሁ፤ እጄ ላይ ያለው ጠመኔ ባይሆን ኖሮ እኔም መጫሬ አይቀርም ነበር።

ኡስታዝ ገባ። አልሮጠም። "ኻላስ፣ በቃ፣ አንድ ጊዜ ውጡልን፤ አየር ትፈልጋለች" እያለ ሴቶቹን ገለል ገለል አደረገ። ተንበረከከና አጠገቧ ያለውን ድንጋይ ገፋ፤ ጥምጥሙን ፈትቶ አጥፎ ከራሷ ሥር አኖረው። በጎኗ አስተኛት። ከዚያ እጁን ትከሻዋ ላይ አድርጎ ዝም ብሎ ጠበቀ። አጎቱ ዘንድ አብራው ያደገች የአጎቱ ልጅ ይሄው በሽታ ነበረባትና አልደነገጠም። ሲለቃት አፏን በጥምጥሙ ጫፍ ጠረገላት። ቆመና ያንኑ ለሐጭ የነካውን ጥምጥም እዚያው ፊታችን ራሱ ላይ ጠመጠመው።

አንዲት እናት እባብ ያየች ይመስል ጮኸች።

"እንግዲህ እዩኝ" አለ ኡስታዝ። "ከወደቅሁ ይጋባል ማለት ነው። ካልወደቅሁ ደግሞ አፋችሁን ትይዛላችሁ።"

ልጆቹ እውነት መስሏቸው ጠበቁት! ጠዋት ሰልፍ ላይ መዝሙሩን ትተው እሱን ያያሉ። አንዴ ጀለቢያው ጠልፎት ሲደናቀፍ ትምህርት ቤቱ በሙሉ "ወደቀ!" ብሎ ጮኸ፤ ከማዶ ድንኳን ሳይቀር ሰው ወጣ። "ተደናቀፍኩ እንጂ አልወደቅሁም፣ እናንተ ሟርተኞች!" ብሎ አሳደዳቸው። እንደዚያ ቀን የሳቅሁበትን ጊዜ አላስታውስም።

ብርቄን ገዳሪፍ ሆስፒታል ወስዶ አሳያት። ክኒን ታዘዘላት፤ ሐኪሙ ክኒኑ አንድም ቀን እንዳይቋረጥ፣ ከተቋረጠ ከበፊቱም እንደሚብስ አስጠነቀቀው። ሰሚራ ዋስ ሆነች። አደራረጉን ሁሉ አስጠናት፤ ድንጋይ ማራቅ፣ በጎን ማስተኛት፣ አፍ ውስጥ ምንም አለመክተት፣ እስክትነቃ አጠገቧ መቀመጥ። ክፍሉን በሙሉ አለማመደ፤ አንዱ ልጅ እየወደቀ፣ ሌሎቹ እየተቀባበሉ። ወንዶቹ መውደቁን ወደዱት፤ ተራ በተራ ካልወደቅን ብለው ተጣሉ።

የትምህርት ቤቱ በር ላይ ደግሞ አዲስ ሕግ ወጣ። ክብሪት ይዞ መግባት ክልክል ነው! ጠዋት ጠዋት ኡስታዝ በሩ ላይ ቆሞ የገባውን ሰው ሁሉ ክብሪት ይቀማል፤ ሲወጣ ይመልሳል። አጫሾቹ ተነጫነጩ። አያ መኮንን "ይሄ ነጋዴ ክብሪታችንን ሰብስቦ ሱቅ ሊከፍት ነው" እያሉ በየድንኳኑ አወሩ። እሱ ሲሰማ "ካፒታል ከሰጡኝ አልጠላም" አለ።

ብርቄ ለመደች። ሰሚራ እንደ ጥላ አትለያትም። ማባዛቱንም ከሰሚራ ይልቅ ብርቄ ቶሎ ያዘችው፤ ሰሚራ ከሷ መቅዳት ጀመረች። ዋስነቱ ከሁለት በኩል ሆነ ብዬ ለኡስታዝ ስነግረው በጣም ደስ አለው። ግን ያ ሁሉ የቆመው በክኒኑ ላይ ነበር።

ዝናቡ አቁሞ የሰሊጥ አጨዳ ሲደርስ ሱዳን ውስጥ ቤንዚን ጠፋ። ሎሪዎቹ ቆሙ። የብርቄ ክኒን የሚመጣው ከገዳሪፍ በሎሪ ነው፤ ሎሪ የለም፣ ክኒንም የለም። ኡስታዝ ብዙ ደጅ ጠናና ምንም ሲያጣ ካሮ ተከራየ፤ አህያ የሚጎትተው ጋሪ ነው። አህያው ሲሄድ ቆም ይላል፣ ሲመታ ይቀመጣል። ኡስታዝ በኋላ ሲያወራው "አህያውን እኔ ነኝ ገዳሪፍ ያደረስኩት" ይል ነበር። ሲሄድ ለኔ "ሻጣ አልበላም፣ በአላህ" ብሎ ምሎልኛል። በልቷል፤ ሲመለስ ወገቡን ይዞ ነበር።

እሱ መንገድ ላይ ሳለ ብርቄ ደጋግማ ወደቀች። የአንዱ ቀን አወዳደቋ የባሰ ነበር። ልጆቹ ምሳቸውን ገንፎ በትልልቅ ትሪ ዙሪያውን ተቀምጠው ነው የሚበሉት፤ ትሪው ላይ ወደቀች። ገንፎው ተደፋ፣ ለሐጩ ትሪው ውስጥ ገባ። በዚያ ዘመን ገንፎ መድፋት ማለት ምን ማለት እንደሆነ ላስረዳችሁ አልችልም። ሰሚራ የሚገባውን ሁሉ አደረገች፤ ልጆቹም አልሮጡም። ወሬው ግን ሮጠ። ማታውን አያ መኮንን ኮሚቴውን ጠሩ፤ "ልጅቷ ትውጣ፣ ካልወጣች ልጆቻችንን እናስወጣለን" ተባለ።

ኡስታዝ የደረሰው ስብሰባው በሚደረግበት ጠዋት ነው። አቧራ በአቧራ ሆኖ ክኒኑን ከጥምጥሙ እጥፋት አወጣና ብርቄን አስዋጣት። እኔ እያለቀስኩ የሆነውን ነገርኩት።

"ክኒኑ ዛሬውኑ አይዛትም፤ ቀናት ይፈልጋል" አለኝ። "ጥሩዬ፣ ከዚህ ከወጣች የምትውለው ድንኳን ውስጥ ብቻዋን ነው። አክስቷ ላቀች ፋሽጋ እርሻ ላይ አጨዳ ናት። ያን እጇን አይተሽዋል? ያኔ እናቷ ነበረች ከእሳቱ የጎተተቻት። አሁን ማን አለ? ከዚህ ከወጣች እሳት ውስጥ ነው የምትወድቀው።" ስቆ የማያውቅ ሰው ይመስል ነበር ፊቱ።

ስብሰባው ክፍል ውስጥ ሆነ፤ ሌላ ጥላ የለም። ኡስታዝ "ተከሳሽና ዋስ በሌሉበት አይፈረድም" ብሎ ብርቄንና ሰሚራን ከኋላ አስቀመጣቸው። ለኮሚቴው ክብር ሲባል በር ላይ ማንም አልተፈተሸም ነበር።

አያ መኮንን ጋቢያቸውን አስተካክለው ተነሱ። "እኛ ልጅቷን አልጠላናትም። እግዜር ይማራት። ግን አንዷን ለማስተማር ስንቱ ይለከፍ?"

"አያ መኮንን፣ ያን ቀን ጥምጥሜን አላዩም? ይኸው እስከዛሬ ወደቅሁ?"

"አንተ ነጋዴ ነህ። ነጋዴ በምን ይወድቃል!"

ሰው ሳቀ። ኡስታዝም ሳቀ። ከዚያ ግን "እሺ፣ የት ትዋል?" አለ።

"ቤቷ።"

"ቤቷ እሳት እንጂ ሰው የለም። እሳቱ ላይ ብትወድቅ ማን ያነሳታል?"

"እሱን እግዜር ያውቃል።"

"እግዜርማ ያውቃል፣ አያ መኮንን። እኔ የጠየቅሁት አንቱን ነው።"

አያ መኮንን መልስ ሊሰጡ አፋቸውን ሲከፍቱ ብርቄ ጮኸችና ወደቀች።

ሰሚራ ድንጋይ ገፋች፣ በጎን አስተኛቻት፣ ነጠላዋን ከራሷ ሥር አደረገች፤ ሁሉንም እንደተማረችው። ኮሚቴው ግን አልተማረም! አያ መኮንን ደንግጠው፣ ለክፋት እንዳይመስላችሁ፣ ለደግነት፣ ከጋቢያቸው እጥፋት ክብሪት መዘው ጫሩ። ሰሚራ በእጇ ከለከለቻቸው። "ክልክል ነው አያ!" አለቻቸው። አንዱ ጠፋ፤ ሌላ ጫሩ። ሲከራከሩ ክብሪቱ ነዶ ነዶ ጣታቸውን ፈጃቸው፤ "እህህ!" ብለው ወረወሩት። የወደቀው አገዳው ግድግዳ ሥር ነው።

ደረቅ የማሽላ አገዳ ሲነድ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ቡፍ ነው የሚለው። ኮሚቴው በሙሉ በአንድ በር ሊወጣ ተጋፋ። እኔም ተገፍቼ ውጭ ራሴን አገኘሁት። ኡስታዝ ውሃ ይዞ ለመምጣት ወደ ዚሩ፣ ወደ ትልቁ የውሃ ጋን ሮጧል። ዞር ስል ሰሚራ የለችም። ጢሱ ውስጥ፣ የብርቄን ራስ ይዛ እንደተቀመጠች ናት። እስክትነቃ አጠገቧ ተቀመጪ ተብላለችና ተቀምጣለች። "ሰሚራ!" ብዬ ጮህኩ። "አልነቃችም እኮ!" አለችኝ ከውስጥ።

ያኔ አያ መኮንን፣ ከሁሉ ቀድመው የወጡት ሰውዬ፣ ጋቢያቸውን ራሳቸው ላይ ጣል አድርገው ተመልሰው ገቡ። ብርቄን ከነለሐጯ ታቅፈው፣ ሰሚራን በአንድ እጃቸው እየጎተቱ ወጡ። ኡስታዝና ልጆቹ በውሃና በአፈር እሳቱን አጠፉት። አንደኛው ግድግዳ ተቃጥሎ ሰፊ መስኮት ወጣለት። ለነገሩ ክፍሉ ከዚያ በኋላ አየር አገኘ።

አያ መኮንን መሬት ተቀምጠው ልጅቷ ጉልበታቸው ላይ ናት። ዓይኗን እስክትገልጥ አላስቀመጧትም። ኡስታዝ ጥላሸት በጥላሸት ሆኖ መጣና ፊታቸው ቁጢጥ አለ። "እንግዲህ አያ መኮንን፣ ፍርዱን ይስጡን" አላቸው። "የሚባረረው ማን ነው? ልጅቷ ናት ወይስ ክብሪቱ?"

"አንተ ነጋዴ" አሉ አያ መኮንን። ክብሪታቸውን አውጥተው እጁ ላይ አስቀመጡለት።

ብርቄ ትውጣ የሚል ከዚያ ወዲያ አልተገኘም። ግን ፈቃድ ሌላ፣ ማዕድ ሌላ ነው። ምሳ ሲደርስ በሷ ትሪ ሰሚራ ብቻ ትቀመጣለች። ኡስታዝ አብሮ ይበላል፣ እኔም እበላለሁ። ሌሎቹን ልጆች ግን እናቶቻቸው "ከዚያች ትሪ ብትቀርብ እግርህን እሰብረዋለሁ" ብለው ልከዋቸዋል። ልጅቷ ገንፎዋን እያየች ነው የምትውጠው፤ ቀና አትልም።

አያ መኮንንም ጠፉ። ከእሳቱ ቀን ወዲህ ከድንኳናቸው አልወጡም። ተቃጠሉ እንዴ ብዬ ባለቤታቸውን ብጠይቃት "ኧረ ደህና ናቸው፤ ጋቢያቸውን ተከናንበው ተኝተዋል። 'ምን ሆኑ' ስላቸው 'እየጠበቅሁ ነው' ይላሉ" አለችኝ። መውደቃቸውን እየጠበቁ ነው! ለኡስታዝ ሄጄ ስነግረው ሆዱን ይዞ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ሳቁን በአንዴ አቆመው።

"በሳቸው አልስቅም" አለኝ። "እኔ ያን ጥምጥም ራሴ ላይ ያደረግሁት እንደማይጋባ እያወቅሁ ነው። እሳቸው ልጅቷን ያቀፏት ይጋባል ብለው እያመኑ ነው። ማን ይበልጣል ጥሩዬ?" በሰው የሚስቅ ብዙ አይቻለሁ፤ ለተሟገተው ሰው ሲል ሳቁን እንዲህ የሚውጥ ግን ከሱ ሌላ አላየሁም። የወደድኩት ያን ቀን ይመስለኛል።

ስለ ብርቄ ለምትጨነቁ፣ ክኒኑ ያዛት። መውደቁ እየራቀ ሄደ። እስከ ስድስተኛ ተማረች፤ ዛሬ ገዳሪፍ ውስጥ ልብስ ሰፊ ናት፣ ልጆችም አፍርታለች። ኡስታዝ የተቀበረ ቀን ሱቋን ዘግታ ከሴቶቹ ጋር ስታለቅስ ውላለች አለችኝ ሰሚራ። እኔ ግን ኡስታዝን ሳስበው ዓይኔ ላይ የሚመጣው የቀብሩ ወሬም፣ እሳቱም አይደለም። አንድ የረቡዕ ምሳ ነው።

ገንፎው ቀርቦ ልጆቹ በየትሪያቸው ከበዋል። ብርቄና ሰሚራ ብቻቸውን ናቸው፤ እኔና ኡስታዝ ሰሌዳው ሥር ቆመን እጃችንን እንታጠባለን። አያ መኮንን በበሩ ገቡ። ከስተዋል። ቀጥ ብለው ኡስታዝን እያዩ "አልወደቅሁም" አሉት።

"አያለሁ፣ አያ መኮንን" አለ ኡስታዝ። አልሳቀም።

ዱላቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉና ሄደው ከብርቄ ትሪ ተቀመጡ። ብርቄ ደንግጣ ልትነሳላቸው ስትል "ተቀመጪ ልጄ" አሏት። እሷም ሰው ያሳደጋት ልጅ ናት፤ ሽማግሌ ማዕዷ ላይ ተቀምጦ ዝም አትልም። ከገንፎው ጠቅልላ፣ በዚያች ጠባሳ ባለባት ግራ እጇ ሥሩን ደግፋ፣ "በሞቴ፣ አያ" አለቻቸው።

እኔ ክው አልኩ። ገንፎው በዱቄት ወተት የተሠራ ነው። ቀኑ ረቡዕ ነው። አያ መኮንን ያን ሁሉ በረሃ ሲያቋርጡ፣ ረሃብ እየጣላቸው ጾም ያልፈቱ ሰውዬ ናቸው። "አያ፣ ወተት አለበት እኮ፤ ጾም ነው!" አልኳቸው።

"ረቡዕ መሆኑ ጠፍቶኝ መሰለሽ?" አሉኝ ሳይዞሩ። "ለንስሐ አባቴ የምናገረው እኔ ነኝ።" አፋቸውን ከፈቱና ጎረሱ። አላመጡ፣ ዋጡ። ልጆቹ ሁሉ አንገታቸውን አስግገው ያያሉ። "አንድ ጉርሻ ያጣላል፤ ድገሚኝ" አሏት።

ደገመቻቸው። ከወዲያኛው ትሪ አንድ ልጅ ተነስቶ መጣ። ቀጥሎ ግርማይ። ቀጥሎ ማን ማን እንደሆነ አላየሁም፤ ዓይኔ አላሳይ ብሎኝ ነበር። ወደ ኡስታዝ ዞርኩ። ፊቱን አዙሮ ሰሌዳውን በጀለቢያው እጅጌ ይጠርገዋል፤ ይጠርገዋል፣ ይጠርገዋል። ሰሌዳው ላይ ምንም አልተጻፈም ነበር።